ይድነቃቸው ተሰማ፦ የአፓርታይድን ቡድን ከሜዳ ያስቀሩት፣ ለኢትዮጵያ ዋንጫ ያስገኙት አሠልጣኝ

ናይሮቢ የአፍሪካ ዋንጫን ለረጅም ዘመን ስትጠብቅ የኖረች ከተማ ናት። ኬንያ የ1996ቱን ውድድር እንድታዘጋጅ ተመርጣ ነበር። ዝግጅቷ አልሰምር ሲል ግን ዕድሉ ተነጥቆ ለደቡብ አፍሪካ ተሰጠ። በዚያ ዓመት የካቲት ወር መጀመሪያ በጆሃንስበርግ ኔልሰን ማንዴላ የብሔራዊ ቡድኑን መለያ ለብሰው ከተጫዋቾቹ ጋር ሲደሰቱ የታዩበት ምስል ዓለምን ዞረ። የናይሮቢ የእግር ኳስ አፍቃሪዎች ያንን ምስል ያዩት በቁጭት ነበር። ኬንያ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ጋር ሆና የ2027ቱን ውድድር እንድታዘጋጅ የተመረጠችው ገና በ2023 ነው።

ደቡብ አፍሪካ ግን በ1996 ዋንጫውን ከማንሳቷ 39 ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደጃፍ የተመለሰች አገር ናት። ያንን በር ዘግተው ለሦስት አሥርት ዓመታት ከጠበቁት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ ደንብ አርቃቂና የአህጉሪቱ እግር ኳስ መሪ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ በሩ ሲከፈት ለማየት ዕድሜ አልሰጣቸውም። (በዚህ ጽሑፍ ‘ዓ.ም’ ያልተጻፈባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአዝማሪው ነጋድራስ ልጅ

ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ፣ በ1914 ዓ.ም የእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሹመታቸው ብቻ ሳይሆን በድምፃቸውና በቅኔያቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው በዚያው በሸክላ ያስቀረጿቸው ዜማዎች ከኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ ቅጂዎች መካከል ይቆጠራሉ። ነጋድራስ ተሰማ በልጅ ኢያሱ ዙሪያ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ስለነበሩ፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የእሳቸውም ዕጣ አብሮ ተናጋ። ልጃቸው የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው።

ወጣቱ ይድነቃቸው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ በ1928 ዓ.ም አራዳ ላይ ሲመሠረት የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ክለቡን ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ጋር ተቀላቀሉ፤ እስከ 1958 ድረስም ለ23 ዓመታት መለያውን አላወለቁም። በክለቡ ዘንድ የሚጠቀሰው መዝገብ በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦች ማስቆጠራቸውን ይናገራል። በብሔራዊ ቡድን ደረጃ 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 1947 ጅቡቲን 5 ለ 0 ካሸነፈችበት የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ጨዋታዋ ጀምሮ ስማቸው አብሮ ይነሳል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ይልቅ የኋላ ሥራቸውን የሚያስረዳው ግን የመጀመሪያዎቹ የጨዋታ ዓመታት ታሪክ ይመስለኛል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በተመሠረተ በወራት ውስጥ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። የፋሽስቱ አስተዳደር በዘር ሕጉ ነጭና ጥቁርን በሰፈር፣ በሲኒማና በአውቶቡስ ሲለያይ ኳስ ሜዳውንም አልማረም። ኢትዮጵያውያን ቡድኖች እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ከጣሊያኖች ጋር መግጠም ተከለከለ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጆች ያደጉት በቆዳ ቀለም በተከፈለ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ይድነቃቸው ከ20 ዓመት በኋላ በካርቱም ስለ ደቡብ አፍሪካ ሲመክሩ ነገሩን ከጋዜጣ አንብበው ያወቁት አልነበረም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1943 ተቋቋመ፤ አገሪቱም በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፊፋ አባል ሆነች። በእነዚህ ዓመታት ይድነቃቸው ቀን በጽሕፈት ቤት ደንብ የሚያረቅቁ፣ እሑድ ደግሞ ያንኑ ደንብ አክብረው ሜዳ ገብተው ግብ የሚያስቆጥሩ ሰው ነበሩ። ዛሬ ቢሆን የጥቅም ግጭት ተብሎ ስንት ስሞታ ይቀርብበት ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ሥራውን የሚያውቀው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ካርቱም 1957

በየካቲት 1957 የሱዳን፣ የግብፅ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ካርቱም ላይ ተገናኝተው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን፣ መሠረቱ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ከመቋቋሙ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። ሱዳን ነፃ ከወጣች ገና አንድ ዓመቷ ነበር። ጋና ነፃነቷን ልታውጅ ሳምንታት ቀርተዋታል። ኬንያ በቅኝ አገዛዝ ሥር፣ የማው ማው ትግልን ለመደምሰስ በታወጀ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ ነበረች።

አራቱ መሥራቾች የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ሊያካሂዱ ተስማምተው ነበር። በዕጣው መሠረት ኢትዮጵያ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ነው። የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን ግን ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንደሚልክ፣ ቀላቅሎ ማሰለፍ ግን እንደማይችል አስታወቀ። የሦስቱ አገራት ተወካዮች ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካ ራሷ ቀረች የሚሉ አሉ፤ ታገደች የሚሉም አሉ። የካፍ የራሱ ትረካ ሁለተኛው ነው። ያም ሆነ ይህ ውጤቱ አንድ ሆነ፤ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች።

በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ-ዲባ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮ የተካሄደው ሁለተኛው ውድድርም ለኢትዮጵያ የተሻለ አልነበረም። በግብፅ እንደገና 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተረትታ አንድም ግብ ሳታስቆጥር ተመለሰች። ለመሥራች አገር የማይመጥን ጅምር ነበር።

ከቃና ዘገሊላ ማግስት

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1962 አዲስ አበባ ሲገባ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ነበሩ። ዕድሜያቸው 40 ነው፤ ጫማ ከሰቀሉ ገና አራት ዓመታቸው።

ቡድኑ የዘመኑን ኢትዮጵያ የሚመስል ነበር። ከአሥመራ የመጡት ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ አባታቸው ጣሊያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት ናቸው። ከአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ነው። ሉቺያኖ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተረኩት፣ ከኃላፊዎቹ አንዳንዶቹ የጣሊያን ስምና ደም ያለው ሰው በጃንሆይ ፊት ቀርቦ ዋንጫ መቀበሉን አልወደዱትም ነበር። የወረራው ቁስል ገና አልደረቀም፤ ከነፃነት 21ኛው ዓመት ላይ ናቸው። አሠልጣኙ ግን አምበሌን አልቀይርም ብለው ጸኑ።

ይህን ታሪክ ከካርቱሙ ጋር አጣምሬ ነው የማየው። ሌላውን አገር በዘር አትከፋፍል ማለት አንድ ነገር ነው። በገዛ ቤት፣ በገዛ አለቆች ፊት፣ ያውም ስሜቱን ለመረዳት በማያስቸግርበት ሰዓት ያንኑ ቃል ማክበር ግን ሌላ ነው። ሉቺያኖ ከጣሊያናዊ ወታደር የተወለዱ፣ ከሁለቱም ወገን ተገፍተው ያደጉ ሰው ነበሩ።

ውድድሩ የአራት አገራት ብቻ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ኢትዮጵያ ቱኒዝያን ከኋላ ተነስታ 4 ለ 2 ረታች። ግብፅ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ የተባበረችው የዐረብ ሪፐብሊክ፣ ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸንፋ መጣች። ሁለቱን ያለፉ ዋንጫዎች የወሰደችው ራሷ ናት።

ፍጻሜው የተካሄደው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም፣ እሑድ፣ ከቃና ዘገሊላ ማግስት ነው። ከተማዋ ጥምቀትን አክብራ ገና አልተበተነችም። ንጉሠ ነገሥቱ በስማቸው በተሰየመው ስታዲየም ተገኝተዋል። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ አብደል ፋታሕ ለግብፅ አስቆጠረ። ተክሌ ግርማ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርግ የተነሳው ጩኸት ሳይበርድ፣ በደቂቃ ውስጥ በደዊ ሁለተኛውን አገባ። ጨዋታው ሊጠናቀቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ኢትዮጵያ እንደገና አቻ ሆነች። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ አደረገ፤ ሊያበቃ ሦስት ደቂቃ ሲቀር መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። 4 ለ 2።

ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው።

ያለ አፍሪካ የተካሄደው የዓለም ዋንጫ

ለብዙ አሠልጣኞች እንዲህ ያለ እሑድ የሕይወታቸው ማሳረጊያ በሆነ ነበር። ይድነቃቸው ግን ከአሠልጣኝነቱ ይልቅ ወደ ስብሰባው አዳራሽ አዘነበሉ። የዚያን ጊዜው የፊፋ ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ፖለቲካ ከስፖርት መራቅ አለበት በሚል መርሕ የደቡብ አፍሪካን የነጮች ፌዴሬሽን ይደግፉ ነበር። በ1961 የተጣለው እገዳ በ1963 መጀመሪያ እንዲነሳ ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። አፍሪካውያን በ1964 በቶኪዮ ጉባኤ ድምፃቸውን አስተባብረው እገዳውን መልሰው አስጣሉ።

በዚያው ዓመት ሌላ ጉዳይ ተነሣ። ለ1966ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ከተመደቡት 16 ቦታዎች ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽኒያ በጋራ የተሰጠው አንድ ብቻ ነበር። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያው አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ካልረታ አህጉሪቱ አንድም ተወካይ አይኖራትም። የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው የመሩት እንቅስቃሴ የአፍሪካን አገራት በሙሉ ከማጣሪያው አስወጣ። ፊፋ በገንዘብ ቀጣቸው፤ እነሱ ግን አልተመለሱም። በዚያ ያለ አፍሪካ በተካሄደ የዓለም ዋንጫ በዘጠኝ ግቦች ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው ለፖርቱጋል የተሰለፈው፣ በሞዛምቢክ የተወለደው ኢዩሴቢዮ ነበር። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለ1970 ፊፋ ለአፍሪካ አንድ የራሷን ቦታ ሰጠ፤ ሞሮኮም ሄደችበት። ለ2026 የአፍሪካ ቀጥተኛ ቦታዎች ዘጠኝ ደርሰዋል።

በ1972 ያዉንዴ ላይ ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰሞን የኬንያ ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ዋንጫ ተሳተፈ። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ ይድነቃቸው የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነው ነበር። በ1974 ደግሞ በፍራንክፈርት ጉባኤ ብራዚላዊው ዣዎ ሃቨላንዥ ራውስን ሲያሸንፉ የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አባረረ።

ዋጋው

ይህ ትግል የራሱ ዋጋ ነበረው፤ የከፈሉት ደግሞ በአዳራሽ የተቀመጡት ሰዎች ብቻ አልነበሩም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ፣ የአፍሪካ አገራት በ1976 የሞንትሪያል ኦሊምፒክን ጥለው ወጡ። ጥሪው የመጣው ከአፍሪካ ስፖርት ከፍተኛ ምክር ቤት ሲሆን፣ ይድነቃቸው ከምሥረታው ጀምሮ ድምፃቸው የሚሰማበት ተቋም ነበር። ምሩፅ ይፍጠር በሩጫ ዘመኑ አፍላ ላይ ሳለ ሳይወዳደር ተመለሰ። እሱስ ከአራት ዓመት በኋላ በሞስኮ ሁለት ወርቅ አግኝቶ ተካሰ። እዚህ ኬንያ ግን ሄንሪ ሮኖ የሚባል ሯጭ ነበር፤ በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰብሯል። አገሩ ሞንትሪያልንም ሞስኮንም በመቅረቷ በኦሊምፒክ አንድም ቀን ሳይሮጥ ዘመኑ አለፈ። አድማው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም የሮኖን ስም ሳያነሱ ስለ ትክክለኛነቱ መናገር ያልተከፈለ ዕዳን እንደ መሰረዝ ነው።

ያልተሳካላቸውም ነገር አለ። ከ1965 ጀምሮ ካፍ አንድ ብሔራዊ ቡድን ከውጭ አገር ክለቦች ከሁለት በላይ ተጫዋቾችን እንዳያሰልፍ ይከለክል ነበር። የይድነቃቸው ሐሳብም ይኸው ነው፤ አፍሪካ ምርጦቿን ወደ አውሮፓ እየላከች ስታዲየሞቿን ባዶ ታስቀራለች የሚል ሥጋት ነበራቸው። ደንቡ በ1982 ተነሣ። ዛሬ የናይሮቢ ወጣት ቅዳሜና እሑድ የሚከራከረው ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ነው። የዚህችው አገር ልጅ ቪክቶር ዋንያማ በ2013 ወደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ በኬንያ የመጀመሪያው ሆኖ እንደ ጀግና ታየ። ማንም ኬንያዊ ይቅርበት ይል ነበር ብዬ አልገምትም። ሥጋታቸው ግን መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ የአገር ውስጥ ሊጎቻችንን ተመልካች ቁጥር ያየ ሁሉ ይመሰክራል።

በአገር ቤትም ዘመኑ ተገለባበጠ። ዋንጫውን ያስረከቡት ንጉሠ ነገሥት በ1974 ከዙፋን ወረዱ፤ ብዙ የዘመናቸው ሹማምንት ተረሸኑ ወይም ተሰደዱ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም በደርግ ዘመን አገር ጥለው ጣሊያን ገቡ፤ በ2022 እዚያው አረፉ። ይድነቃቸው ግን ከአዲስ አበባ አልወጡም፤ የካፍ መሪነታቸውም ቀጠለ። በ1976 የአፍሪካ ዋንጫ ወደ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ሲመጣ እንግዶቹን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። የኢትዮጵያ ቡድን ኡጋንዳን አሸንፎ፣ በጊኒ ተረትቶ፣ ከግብፅ ጋር አቻ ወጥቶ ከመጀመሪያው ዙር ሲሰናበት ግን ፕሬዚዳንትነታቸው ምንም ሊያደርግለት አልቻለም።

ነሐሴ 1979 ዓ.ም

በነሐሴ 1987 መጀመሪያ ናይሮቢ ቀና ብላ የምትሄድበት ጊዜ ነበር። አዲሱ የካሳራኒ ስታዲየም ተከፍቶ አራተኛው የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች ተካሄደበት። ኬንያ በእግር ኳስ እስከ ፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ጨዋታዎቹ በ12ኛው ቀን ተዘጉ።

ከሳምንት በኋላ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም፣ የቡሄ ዕለት፣ ይድነቃቸው ተሰማ አዲስ አበባ ውስጥ በሕመም አረፉ። 66ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ጥቂት ሳምንታት ቀርቷቸው ነበር። ካፍን ለ15 ዓመታት መርተዋል።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የናይሮቢው ጎር ማሂያ የቱኒዝያውን ኤስፔራንስ በደርሶ መልስ ጨዋታ አልፎ የአፍሪካ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ወሰደ። ቱኒስ ላይ 2 ለ 2፣ ናይሮቢ ላይ 1 ለ 1 ወጥተው ከሜዳው ውጭ ባገባቸው ግቦች ነው ያሸነፈው። የኬንያ ክለብ ከአህጉሩ ዋንጫ ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ውድድሩ የተጀመረው በ1975፣ በይድነቃቸው የፕሬዚዳንትነት ዘመን ነው።

ደቡብ አፍሪካ በ1992 ነጭና ጥቁር በአንድ ፌዴሬሽን ሥር ሆነው ወደ ካፍ ተመለሰች፤ ከአራት ዓመት በኋላም ከናይሮቢ የተነጠቀውን ውድድር አዘጋጅታ አሸነፈች።

ኢትዮጵያ ከ1962 ወዲህ ዋንጫውን ደግማ አላነሳችም። ከ1982 በኋላ ለ31 ዓመታት ከውድድሩም ርቃ ቆየች። ስትመለስ አስተናጋጇ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ኔልስፕሩት ከተማ ውስጥ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር አደረገ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያም መሪ ሆነች። በዐሥር ሰው የቀረው ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ በአዳነ ግርማ ግብ አቻ ሆኖ ወጣ። ቀኑ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም ነበር፤ የይድነቃቸው ቡድን ዋንጫውን ካነሳ ልክ 51 ዓመት።